ሊስትሮዎቹንና የቤት ሠራተኞቹን በወጣት ማዕከሉ ዕቅድ እንዴት ላሳትፍ?

የወረዳዋ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ አንድ ወረዳ ውስጥ ሶሻል ወርከር ሆኜ ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ወረዳችን የወጣት ማዕከሉን ሊያድስ ነውና ዕቅዱ ከሐምሌ 1 በፊት ማለቅ አለበት። አለቃዬ «ወጣቱን አሳትፊ፣ በተለይ ተጋላጮቹን» አለኝ። እሺ ብዬ ስብሰባ ጠራሁ።

32 ሰው መጣ። ሃያ ስድስቱ በየስብሰባው የማያቸው የሊግና የማኅበር ልጆች ናቸው፤ «መድረኩን ስላገኘሁ አመሰግናለሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሊስትሮዎቹን ራሴ እየዞርኩ ስለለመንኳቸው ስድስት መጡ። ሳጥናቸውን በእግራቸው መሃል አድርገው ከኋላ ተደረደሩ። ከቤት ሠራተኞች አንዲትም አልመጣችም።

አቴንዳንሱ ሲዞር አንዱ ትንሽዬ ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ምነው ስለው «የቤት ቁጥር ይላል። የማንን ልጻፍ?» አለኝ። የሚያድረው ባንክ በረንዳ ላይ ነው። ባዶውን ትቶ አሳለፈው፣ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ስድስቱም ሲጠየቁ «ጥሩ ነው» ብለው፣ ዳቦና ለስላሳቸውን ይዘው ሄዱ። ሪፖርቱ ላይ «ተጋላጭ ወጣቶች ተሳትፈዋል» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶም አያይዣለሁ።

የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ይለዋል። ማዕከላችን ግን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ስለሚከፈት ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ልጅ በሩን አያየውም። እንዲህ ያሉ ልጆችን የምር ያሳተፈ ሰው ካለ ከየት ልጀምር?

ድሮ_ሊስትሮ፦

እህቴ፣ አራት ዓመት ጫማ ጠርጌያለሁ፣ ከወላይታ መጥቼ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስብሰባው ላይ ደንብ አስከባሪ ነበር? ዩኒፎርሙን በር ላይ ካየን እኛ ጥሩ ነው ብለን ነው የምንወጣው። ትናንት ሳጥኔን የወሰደብኝ ሰው ካለበት አዳራሽ ምን አስተያየት ልሰጥ? ካልነበረም ወሬው በቂ ነው፤ ወረዳ ሁሉ አንድ ይመስለናል።

አዳራሽ አትጥሪያቸው። ሄደሽ ጫማሽን አስጠርጊ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ገበያ ስለሆነ ማንም አያወራሽም፣ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ይቀዘቅዛል። ሳጥኑን በብሩሽ መታ ሲያደርግልሽ እግርሽን ቀይሪና ቀጥዪ፤ ሁለት እግር እስኪያልቅ ብዙ ይወራል። ስኒከር አድርገሽ ከሄድሽ ደግሞ ማጠቡ ጊዜ ስለሚወስድ ይበልጥ ይመችሻል። (እየቀለድኩ አይደለም።)

ሌላው፣ በየቦታው አንድ ትልቅ ልጅ አለ። ስለ ሁሉም እሱ ነው የሚመልስልሽ፤ ትንንሾቹ እሱ ፊት አይናገሩም። አክብሪው፣ ብቻ ሌላ ቀን ደግሞ እሱ በሌለበት ተመለሺ። ዕቁብ ካላቸው ዳኛውን ፈልጊ፤ ልጆቹ የመረጡት ሰው እሱ ነው። ሰብስበሽ ካስቀመጥሻቸው ደግሞ የሰዓቱን ገቢ ክፈያቸው። የሊጉ ልጅ አበል ሲቀበል ሊስትሮው ዳቦ የሚሰጠው ለምንድነው?

የማታ_መምህርት፦

ስለ ቤት ሠራተኞቹ ልጨምር። እነሱን በማስታወቂያ አታገኚያቸውም፣ የሚፈቅዱት ወይም የሚከለክሉት እትዬ ናቸው። መርካቶ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ሴት አስተባባሪዎችን ቤት ለቤት እየላከ ነበር ልጆቹን ያገኘው። አስተባባሪዎቹ በር አንኳኩተው፣ ከአሠሪ ጋር ተነጋግረው፣ ልጅቷን ቀበሌ አዳራሽ ወደሚሰጠው ትምህርት ያመጧት ነበር።

እኔ ክፍል 19 ልጆች አሉ፣ አብዛኞቹ ከሥራ ነው የሚመጡት። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት መጥቶ መጠይቅ በተነ፣ ግማሾቹ ማንበብ ገና ጀማሪ ነበሩ። የሞሉላቸው አጠገባቸው የተቀመጡት ናቸው። በማግስቱ ቡና አፍልተን እንዲሁ ስንጫወት ግን አንዷ «ክሊኒክ ስሄድ እትዬ አብራኝ ትገባለች» አለች። ሌሎቹም «እኔም» ማለት ጀመሩ። አየሽ፣ ምክር አገልግሎት ይኑር አይኑር የሚል ጥያቄ ይህን አያወጣም። ፈቃዱን ከርዕሰ መምህሩ አግኝተሽ ወደ ማታ ክፍል ነይ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ግን ደብተር አታውጪ።

ጋሼ_ፕላን፦

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ዕቅድ ሳወጣ ኖሬያለሁና አትቀየሚኝ። በጀቱ ተቆርጦ ካለቀ ልጆቹን አትጠይቂያቸው። «ምን ትፈልጋላችሁ» ብትያቸው ሥራና ቤት ነው የሚሉሽ፤ ወረዳው ያንን ሊሰጥ አይችልም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩብሻል። ሮጀር ሃርት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ የጻፈው ስምንት እርከን ያለው የተሳትፎ መሰላል አለ። የታችኞቹን ሦስቱን ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም፤ አንደኛው ልጆችን ለማስጌጫ መጠቀም ነው። ያ ያያያዝሽው ፎቶ እዚያ ነው የሚገባው።

አለቃሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፦ ያልተወሰነው ምንድነው? የመክፈቻ ሰዓቱ? የሻወሩ ቦታ? የዘበኛው ምርጫ? አንዲት ነገር እንኳ ክፍት ከሆነች እሷን ይዘሽ ሂጂና እንዲወስኑ አድርጊ። የተዘጋውንም ተዘግቷል በያቸው።

የወረዳዋ_ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ጋሼ፣ አልተቀየምኩም። አለቃዬን ጠየቅሁት፤ ክፍት የሆኑት የመክፈቻ ሰዓቱና አንዲት የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ብቻ ናቸው።

ጫማዬን አምስት ጊዜ አስጠረግሁ (እናቴ ሥራ ቀየርሽ እንዴ ብላኛለች)። እኛ ለክፍሏ ያቀድነው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ልጆቹ የፈለጉት ማታ ሳጥናቸውን ቆልፈው የሚያሳድሩበት ቦታ ነው! በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ሳጥኑ የተሰረቀበት ለሳጥን፣ ለቀለምና ለብሩሽ እንደገና መበደር አለበት፤ ሁለቱ አሁንም ዕዳ ላይ ናቸው። ሰዓቱን በተመለከተ ሻወሩ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈት አሉ። ማታ ክፍል ደግሞ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ደብተር አላወጣሁም፤ ማክሰኞ እመለሳለሁ።

አለቃዬ እሑድን ተቀብሏል። ሳጥን ማሳደር ግን «የወጣት ማዕከል አገልግሎት አይደለም» ብሎኛል፤ ሐሙስ የዕቁቡ ዳኛ ራሱ ገብቶ እንዲያናግረው ቀጠሮ አስይዣለሁ። አቴንዳንሱ ላይ «የቤት ቁጥር» የሚለውን አጥፍቼ «የሚገኙበት ቦታ» አልኩት። ትንሹ ልጅ «ባንኩ ፊት፣ ዛፏ ሥር» ብሎ ጻፈ። ለሰዓታቸው የሚከፈለው ብር በዚሁ አቴንዳንስ ስለሚወራረድ ፋይናንስ «ፎርሙ ተቀይሯል» ብሎ መልሶታል። ሰኞ ይዤው እገባለሁ።