«ልብ ሰቃይ» እና «ልብ አንጠልጣይ»፦ ልዩነት አላቸው እንዴ?

ነቁጥ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ወዳጄ ሰሞኑን ስላነበባቸው ኮሚኮች፣ ማንጋዎች (የጃፓን ኮሚኮች) እና የወንጀል ልብወለዶች አጫጭር አስተያየት ይጽፋል። ስለ ናኦኪ ኡራሳዋ ማንጋ፣ ስለ «ሞንስተር»፣ ያለው እንዲህ ነው፦

«ሥዕል ነው ብዬ ንቄ ጀመርኩት። እንቅልፍ ነሣኝ። ልብ ሰቃይ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ግን አይደለም።»

እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማውቃቸው። የመጽሐፍ ጀርባ ላይም እያፈራረቁ ነው የሚጽፏቸው። ታዲያ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ሲነፍገው ምን ማለቱ ነው? እያመሰገነው ነው ወይስ እያማው?

የቆሎ ተማሪ
መጀመሪያ ፊደሉ ይጠየቅ። በየትኛው ሰ ነው የጻፈው? በእሳቱ ሰ ከሆነ ከ«ሰቀለ» የወጣ ነው። በንጉሡ ሠ ከሆነ ግን «ሥቃይ» አለበት። ያኔ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ነቁጥ
በእሳቱ ነው። ግን እሱ «ሠላም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ምስክርነቱን ብዙም አትቁጠሩት።

ባለ አበገደ
በፊደል ብቻ አይፈረድም፤ እርባታውን እዩ። ገደለ፣ ገዳይ። ከፈለ፣ ከፋይ። ተከለ፣ ተካይ። ሰቀለ፣ ሰቃይ። መጨረሻ ላይ ያለችው ለ በአማርኛ ወደ የ ትዞራለች። በግእዝ ቢሆን «ሰቃሊ» ነበር የምንለው። ከ«ሥቃይ» ከተነሣን ደግሞ አድራጊው «አሠቃይ» ነው፤ አማርኛ ይህን ግሥ ያለ አ ወይም ያለ ተ አይናገረውም። ስለዚህ ልብ ሰቃይ ልብን የሚሰቅል ነው። አለቀ።

የቆሎ ተማሪ
የት ያልቃል! ግእዙ «ሣቀየ» እኮ ያለ አ ነው። ደግሞ ሰው ቃል ሲሰማ ቁጭ ብሎ እርባታ አይቆጥርም። «ልብ ሰቃይ» ሲሉት ሥቃዩም አብሮ ጆሮው ይገባል። «ሰቀቀን»ም ከኋላ ይከተላል።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሥቃዩ የእውነት ነው። ዶክተር ቴንማን አስቡት። የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ዱሰልዶርፍ፣ ጀርመን፣ በፈረንጅ 1986። አለቆቹ ልጁን ትተህ ከንቲባውን አክም ይሉታል። እሱ አሻፈረኝ ብሎ ቀድሞ የመጣውን፣ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታውን ልጅ ያድናል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ፊቱ ይቆማል። «ያዳንኩት እኔ ነኝ» እያለ የሚንገበገብ ሰው ታሪክ ልብ ካላሠቃየ ምን ሊያሠቃይ ነው?

እመ ማንጋ
ጎሽ፣ አንብበኸዋል። እዚህ ቤት ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚፈታው።

ለኔ ግን የነቁጥ ወዳጅ ያለው ግልጽ ነው። «ሞንስተር» ገዳዩን አይደብቅም። ያ የዳነው ልጅ ዮሃን ማን እንደሆነ በጊዜ ታውቃለህ። ስለዚህ «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አያንጠለጥልህም። ልብህ የሚሰቀለው «ይሄ ሕይወት የሚያድን ሰው እውነት ሊገድል ነው?» የሚለው ላይ ነው። «ዴዝ ኖት» የሚባለው ማንጋም እንደዚያው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ላይት ገዳይ መሆኑን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እናውቃለን። 12 ቅጽ ሙሉ የምንጠብቀው መያዙን ነው። ያለ እንቆቅልሽ ይሰቅላል ማለቱ ነው፣ በቃ።

ባለ አበገደ
መድረሻሽ ልክ ነው፤ መንገድሽ ግን አልጣመኝም። ልዩነቱ ያለው ግሡ ውስጥ ነው። የተሰቀለ ነገር ይረጋል። ኮት ሚስማር ላይ ሰቅለሽ ብትሄጂ ስትመለሺ እዚያው ነው። የተንጠለጠለ ግን ይወዛወዛል። እገሌ ነው ስትይ፣ የለም እገሊት ናት ስትይ፣ ልብሽ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያ የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊዋ የአጋታ ክሪስቲ ሥራ ነው። በፈረንጅ 1926 ያወጣችውን የሮጀር አክሮይድን ግድያ ውሰጂ። ሁሉንም ትጠረጥሪያለሽ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ያው

ጥቁር ጥላ
ተው! ተው! ገና መሐሉ ላይ ነኝ!

ባለ አበገደ
ወንድሜ፣ ከወጣ እኮ መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ጥቁር ጥላ
ቢሆንም ነውር ነው።

ለማንኛውም የኔን ስም ተመልከቱ፤ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። «ዲቴክቲቭ ኮናን» በተባለው ማንጋ ላይ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ የሚታይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚሣለው። ከፈረንጅ 1994 ጀምሮ ከ100 ቅጽ በላይ ወጥቶ ዛሬም ያው ጥላ ነው። ልብ አንጠልጣይ ይሄ ነው። ሥዕሉ ራሱ «አላሳይህም» ይልሃል።

እና ስለ ማንጋ የምታወሩ ከሆነ ገጹን እዩ እንጂ። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የግራው ገጽ፣ የታችኛው ግራ ጥግ፣ ገጽ ከመገልበጥህ በፊት የምታያት የመጨረሻዋ ሥዕል ናት። በር ሊከፈት ሲል፣ እጅ ሲዘረጋ፣ አንዱ ደንግጦ ሲዞር የምታገኘው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ያስደነገጠው ነገር ጀርባ ላይ ነው ያለው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው የቲንቲን ኮሚክ ላይ ይኸው ዘዴ በቀኝ ጥግ ይመጣል። የቲንቲን ሣይ ኤርዤ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር ለልጆች ጋዜጣ የሚያወጣው፤ አንባቢው ሳምንቱን ሙሉ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ የመጨረሻዋን ሥዕል ይቀምማታል። አንጠልጣይነት የእጅ ሙያ ነው፤ ከዘር ግንድ አይወጣም።

ደብተራ ዘኮሚክ
ከዘር ግንድ ነው እንጂ የሚወጣው! «አንጠለጠለ» የመጣው ከ«መንጦላዕት» ነው። መንጦላዕት መጋረጃ ነው፣ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ልብ አንጠልጣይ ማለት ገዳዩን ከመንጦላዕት በስተጀርባ ያቆመ መጽሐፍ ነው። የጥቁር ጥላም ጥላ ያው መጋረጃ ነው። እዩት፣ እንዴት እንደገጠመ።

ባለ አበገደ
ዐይኑ ዐ የት ገባ?

ደብተራ ዘኮሚክ
አማርኛ ዐይን ሲውጥ ዛሬ ነው ያየኸው? በልዐ፣ በላ። ሰምዐ፣ ሰማ። ቅኔ ቤት ሳይገቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

ባለ አበገደ
የገባሁበትን ቤት ተወው፤ ቤቱም ቢሆን ይህን አያስተምርም። ዐይኑ ከተዋጠ «አንጦላ» ነው የሚቀርህ። ሁለተኛውን «ጠለ» ከየት ተበደርከው? አንጠለጠለ የእነ አንቀጠቀጠ፣ የእነ አንቆረቆረ ቤተሰብ ነው። ፊደሉ ተደግሞ ነገሩም እንዲደጋገም የሚያደርግ ቤት ነው፤ መንቀጥቀጡ፣ መወዛወዙ፣ መፍሰሱ ከዚያ ነው። ወደ ኮቱ ምሳሌዬ መለስከኝ ማለት ነው።

ተርጓሚ በዕረፍት
ሁላችሁም ግእዝ ውስጥ ትቆፍራላችሁ። ቃሉ ከፈረንጅ ተተርጉሞ የመጣ ቢሆንስ? «ሰስፔንስ» የሚሉት ላቲኑ መስቀል፣ ማንጠልጠል ነው። «ክሊፍሃንገር»ም ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። አንድ ተርጓሚ «ልብ» ጨምሮበት አማርኛ አደረገው ብላችሁ ገምቱ።

የቆሎ ተማሪ
ልጇ ያመሸባት እናት «ልቤ ተንጠልጥሎ ዋለ» ስትል ላቲን ተምራ ነው?

ተርጓሚ በዕረፍት
ስለ እናትህ አላልኩም። ስለ መጽሐፍ ጀርባ ነው ያልኩት።

የኔታ
ልጆች፣ ግሡን ይዛችሁ ስሙን ረሳችሁት። በግእዝ ልብ የሚሉት ፍርሃትና ፍቅር የሚያድርበትን ብቻ አይደለም፤ ሐሳብም፣ ማስተዋልም ነው። «ልብ በል» የምንለው ለዚህ ነው። «ልብ ወለድ»ም ሐሳብ የወለደው ነው። ስለዚህ የሚሰቀለው ልብ የትኛው ነው? የሚፈራው ወይስ የሚያስበው? የሚፈራው ሲሰቀል ጭንቅ ነው። የሚያስበው ሲንጠለጠል እንቆቅልሽ ነው።

በቅዳሴ ቄሱ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ይላል፤ ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን ይላል። ከፍ ያለው ልብ ማረፊያ አለው። የናንተ መጻሕፍት ከፍ አድርገው ትተውት ይሄዳሉ።

ጥቁር ጥላ
የኔታ፣ እርስዎም ማንጋ ያነባሉ እንዴ?

የኔታ
የሚያነብ ልጅ አለኝ። አንዱን አንሥቼ ከግራ ጀመርኩ። ገዳዩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተገኘ፣ ሟቹ መጨረሻ ላይ ተነሣ። ትንሣኤ መሰለኝ።

ባለ አበገደ
የአለቃ ኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት በሀ ሁ ጀምሮ እንደሚፈልግ ሰው ሆኑ፣ የኔታ። እሱም በአ ነው የሚጀምረው። የ1948 ዓ.ም. መጽሐፍና ማንጋ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በሚያውቁት በር አያስገቡም።

እመ ማንጋ
የየኔታ ነገር ገባኝ፣ ከሁላችሁም ይበልጣል። የ«ሞንስተር» መርማሪ ኢንስፔክተር ሉንገ ምስክር ይሁን። ሰው ሲያናግር ጣቶቹ አየር ላይ ይተይባሉ፤ የሰማውን ሁሉ እንዲህ አድርጎ አእምሮው ውስጥ ያስቀምጣል። ኡራሳዋ ፊቱን ትቶ ጣቶቹን ብቻ የሚሥልበት ጊዜ አለ። አስቡት፤ እጅግ የሚያስብ፣ ምንም የማይረሳ ሰው ነው። ያም ሆኖ ገዳዩ ቴንማ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። እኛ እውነቱን እናውቃለን፤ መርማሪው አያውቅም። እዚያ ላይ የሚያስበው ልባችን ሥራ ፈትቶ የሚፈራው ብቻ ነው የሚሰቀለው።

ጥቁር ጥላ
አልስማማም። «ማን» ባይኖርም «ለምን» አለ። ልጁ ያደገበት የሕፃናት ማሳደጊያ፣ 511 ኪንደርሃይም ውስጥ ምን ተደረገ? ያ ስም ስለሌለው ጭራቅ የሚያወራ የልጆች ሥዕል መጽሐፍስ? 18 ቅጽ ሙሉ የሚያስበው ልብ መቼ አረፈ? ወዳጅህ፣ ነቁጥ፣ አንጠልጣይ አይደለም ያለው ጨርሶ ሳያነበው ነው።

ነቁጥ
ጨርሶታል። ግን እያመሰገነው ነው ወይስ

ደብተራ ዘኮሚክ
አንድ ጊዜ ነቁጥ፣ ይህን ሳልረሳ። «ማንጋ» ራሱ ከ«መንጋ» ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ሥዕል ባንድ ላይ ሲነዳ መንጋ ነው።

ተርጓሚ በዕረፍት
ጃፓኖቹ በሁለት ፊደል ነው የሚጽፉት። «ጋ»ዋ ለብቻዋ ሥዕል ማለት ናት። በግ የለበትም።

ደብተራ ዘኮሚክ
«ማን»ዋስ?

የቆሎ ተማሪ
«ማን ነው ገዳዩ?» የሚለው ነዋ።

እመ ማንጋ
ዘንድሮ ቪዲዮም ፎቶም ይሰቀላል። ልብ ሰቃይ ማለት ልቡን ኢንተርኔት ላይ የጫነ ነው የሚል እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።

ባለ አበገደ
ለመንጋው ሌላ ርዕስ ክፈቱለት። አስቀድሜ እቃወማለሁ።