የላቴክስ ጓንት እጄን ፈጀኝ፣ በረኪና ያዋጣል?

የጣና ልጅ፦ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ እበልታለሁ። ቀኑን ሙሉ ላቴክስ ጓንት ነው። ሰሞኑን ካጠለቅሁት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንጓዬ ላይ ቀይ እብጠት ይወጣል። ፋብሪካዎች ጓንቱን በክሎሪን ያክሙታል ሲሉ ሰማሁና በበረኪና ልዘፍዝፈው አሰብኩ።

ኬሚስቱ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! በረኪና ጎማውን ያበላሸዋል፣ ቅሪቱም ቆዳህን ይልጠዋል። ላቴክስ ማለት የጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ ጠላትህም እሱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንዳንዶቹ ወተቱ ጓንት ከመሆኑ በፊት ፕሮቲኑን በኢንዛይም ይሰባብሩታል፣ ኋላም ጓንቱን በሙቅ ውኃ ደጋግመው ያጥቡታል። ክሎሪኑ ገጹን ስለሚያለሰልሰው እጅ በቀላሉ እንዲገባ የሚነሰነሰው ዱቄት አያስፈልገውም፣ የሚለቀቀው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ይቀንሳል ነው ያልኩት፣ አይጠፋም። ዱቄቱማ ፕሮቲኑን ተሸክሞ አየር ላይ ይበትናል፤ አሜሪካም ዱቄት ያለውን የሕክምና ጓንት በፈረንጆቹ 2017 አግዳለች።

ነርሷ፦ ሙዝ ወይም አቮካዶ ስትበላ አፍህን ያሳክክሃል? ላቴክስ የማይስማማው ሰው አንዳንዴ እነሱም አይስማሙትም። ለማንኛውም ላቴክስ በሌለበት ሰው ሠራሽ ጎማ፣ በናይትራይል ጓንት ቀይር። ትንፋሽ ካጠረህ ግን ጊዜ አትስጠው፣ ሐኪም ቤት ሩጥ።

የጣና ልጅ፦ አቮካዶ! እኔ እኮ ጭማቂ ቤቱን ነበር የምረግመው።