ነገ ሌሊት ክርስትና ነው፣ ስም ላይ ቤቱ ታምሷል፤ ቶሎ መልሱልኝ

የጃንተከል ልጅ (ጠያቂ)፦
እናንተዬ ድረሱልኝ። ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለብን። ድፎው ተጋግሯል፣ ጠላው ደርሷል፣ ስሙ ግን አልደረሰም። እናቴ ታለቅሳለች። "የልጅ ልጄን ዓርብ ብላችሁ ልትጠሩብኝ ነው?" ትላለች። አማቾቹ በየሰዓቱ ይደውላሉ። እህቴ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ዓርብ ስም ይሆናል? ቄሱስ እሺ ይላሉ?

አዘዞ 1፦
ዓርብ ካላችኋት ታናሿን ቅዳሜ በሏት። ሰኞ ላይ ስትደርሱ ግን ማንም አይወዳትም።

ማራኪ፦
እታለም፣ ምንም አልገባኝም። ዓርብ ትባል ያለው ማነው? አባትየው የየት አገር ሰው ነው? ልጁ ወንድ ነው ሴት?

የጃንተከል ልጅ፦
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። ሴት ናት፣ ነገ 80 ቀኗ። እህቴ እዚሁ ጎንደር ነው የወለደችው። አባቷ ግሪክ ነው፣ ባለፈው ሳምንት መጣ። እነሱ ዘንድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች አለ። የአያትየው ስም ደግሞ ፓራስኬቪ። እናቴ "ትርጉሙ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችው፣ እሱም በየዋህነት "ዓርብ" አላት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። "ጌታ በተሰቀለበት ቀን ልጅ አይጠራም" ብላ ድርቅ አለች።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
በመጀመሪያ ሥርዓቱን እንወቅ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። የክርስትና ስም የሚያወጣው ካህኑ ነው፤ አያት አይደለችም፣ አባትም አይደለም። ለሴት ወለተ፣ አመተ፣ እኅተ እያለ ከማርያም፣ ከሥላሴ፣ ከሚካኤል ጋር ያያይዘዋል። ወለተ ማለት ልጅ፣ አመተ ማለት አገልጋይ ነው። ሰው በሁለት ስም መጠራቱ ለጎንደር ብርቅ አይደለም። ቁስቋምን ያሠራችው ምንትዋብ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሦስቱንም ተሸክማ ኖረች፣ አንዱም አልከበዳትም። ወደ ግሪኮች ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ ወገን ተለያይተዋል። ይህ ጉባኤ እንዴት እንደ ተጠራ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ

አዘዞ 1፦
መምህር፣ ትንሽ ወደ ኋላ ከሄድን ልጅቷ ትዳራለች።

ማራኪ፦
ካህኑን ጠይቁ። የክርስትና ስም ሌላ፣ የዓለም ስም ሌላ። አለቀ።

የጃንተከል ልጅ፦
እሱማ መች ጠፋኝ። ጥሉ የዓለም ስሟ ላይ ነው። የክርስትና ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ይሞላል። የልደት ሰርተፍኬትም ገና አላወጣንም። አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ ነው።

ግንቡ ሥር፦
ከእናትሽ ጋር ልከራከር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። የግሪክ ስም ባዕድ ሆኖባቸው ከሆነ ጎንደር ውስጥ ማንን ሊጠሩ ነው? ፋሲለደስ እኮ የግሪክ ስም ነው፣ ንጉሥ ከሚለው ቃላቸው የወጣ። የሰማዕቱን ስም ነው ንጉሡ የያዘው። ቴዎድሮስ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፣ በግሪክኛ። ጊዮርጊስ ገበሬ፣ ጴጥሮስ ዓለት፣ እስጢፋኖስ አክሊል፣ ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ። ማንም ሰው "ገበሬ ብላችሁ ልትጠሩብኝ ነው?" ብሎ አልቅሶ አያውቅም። ትርጉሙን ስለጠየቁ ነው የታመሙት። ባይጠይቁ ኖሮ ፓራስኬቪ የምትል ሸጋ ስም ነበረች።

የጃንተከል ልጅ፦
ይህን ለእናቴ አንተው መጥተህ ንገራት። እኔ ዛሬ አንድ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፣ ይበቃኛል።

አቴንስ የኖርኩ፦
እህቴ፣ ስምንት ዓመት እዚያ ነበርኩ፣ ስለዚህ ስሚኝ። አንደኛ፣ የአያት ስም መውረስ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ግን አያቶች ይቀየማሉ፣ በጣም ይቀየማሉ። ሁለተኛ፣ ቃሉ ሲተረጎም "መዘጋጀት" ነው። ወንጌል ላይ "የማዘጋጀት ቀን" የሚለው እሱ ነው። ለሰንበት የሚዘጋጁበት ቀን ስለሆነ ዓርብን በዚያ ጠሩት። ሦስተኛ፣ ሰው ሁሉ ሙሉውን አይጠራም። ኤቪ፣ ቪቪ፣ ቩላ ይሏታል። እሑድ የምትባልም አለች፣ ኪርያኪ። እኛስ ሰንበቱ እንል የለ? ደግሞ እነሱ ቤት ብዙ ሕፃን እስኪጠመቅ ድረስ ስሙ አይጠራም፣ "ቤባ" ነው የሚባለው፣ ሕፃኗ እንደ ማለት። የእናንተዋ እስከ ነገ ቤባ ብትሆን ማንም አይሞትም።

አዘዞ 1፦
ቤባ! እኔ ቤባን መርጫለሁ።

የማድሪድ ጎንደሬ፦
ፈገግ እንድትሉ ያህል። እዚህ ዶሎሬስ የምትባል አሠሪ አለችኝ፣ ትርጉሙ ሕማማት ነው፣ የእመቤታችንን ሐዘን ለማሰብ። ሴትየዋ ግን ቀኑን ሙሉ ትስቃለች። ሜርሴዴስ ደግሞ ምሕረት ማለት ነው፣ የእመቤታችን ስም፣ መኪናው በኋላ የመጣ ነው። እናትሽ "ኪዳነ ምሕረት" ቢሉ አንድ ቤት ናቸው። ሄሱስ የሚባል የሥራ ባልደረባም አለኝ። ኢየሱስ ማለት ነው፣ እዚህ ተራ ስም ነው። "ሄሱስ፣ ባልዲውን አቀብለኝ" ባልኩ ቁጥር እስካሁን አንገቴን እደፋለሁ።

ደብሊን፦
አየርላንዶች ግን እንደ እኛ ናቸው። ድሮ ማርያም የሚለውን ስም በቀጥታ ለሰው መስጠት ይፈሩ ነበር። "ማል ሙሬ" ይሉ ነበር፣ የማርያም አገልጋይ፣ ገብረ ማርያም በሉት። ዛሬም በቋንቋቸው ለእመቤታችን ሙሬ፣ ለሌላው ሰው ሞይሬ ነው የሚሉት። አረብ ክርስቲያኖችም ዐብዱል መሲሕ ይላሉ፣ ገብረ ክርስቶስ ነው። በነገራችን ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል እየሳቅሁ ነው የማነበው፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ማራኪ፦
ካህኑን ጠይቁ አልኩ እኮ።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ሐሳቤን ሳልጨርስ ተቋረጥኩ። የኬልቄዶንን ነገር

ዝምተኛዋ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ፣ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። የግሪኮቹ ቅድስት ፓራስኬቪ የምትከበረው እንደ ፈረንጅ ሐምሌ 26 ነው። ይህ በእኛ ሐምሌ 19 ነው። ሐምሌ 19 ማን ነው? ገብርኤል። ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ያወጣበት ቀን። አሁን የእሷን ገድል ስሙ። ንጉሡ በፈላ ዘይትና ቅጥራን ውስጥ አስጣላት፣ ምንም ሳትሆን ወጣች ይላል። ለዚህ ነው ግሪኮች ዓይን ሲታመሙ እሷን የሚማጸኑት፣ ፍላቱ ተረጭቶ ዓይኑ የጠፋውን ንጉሥ አድናዋለች ስለሚሉ። እናትሽን "ዓርብ" አትበያቸው። "ስሟ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት የምትከበር የሰማዕት ስም ነው፣ እሷም ከፍላት የወጣች ናት" በያቸው። ቄሱን ደግሞ "ወለተ ገብርኤል ቢሏት ደስ ይለናል" ብላችሁ ዛሬ ማታ ለምኗቸው። መወሰኑ የእሳቸው ነው፣ መለመን ግን አይከለከልም። ግሪካዊቷ አያትም በዚያው ቀን ስልክ ደውላ እንኳን አደረሰሽ ትላለች። አንድ ድግስ፣ ሁለት አገር።

አዘዞ 1፦
ዝምተኛዋ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?

ግንቡ ሥር፦
እጅ ሰጥቻለሁ። ከእኔ ፊልጶስ ይሄ ይሻላል።

ማራኪ፦
ያው ካህኑን ጠይቁ ነው ያለችው።

ሁለት ዓመት የተመላለስኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሳውም። የላቲኑን አጻጻፍ በጆሯችሁ አትጻፉ። ከአያትየው ፓስፖርት ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ለልደት ሰርተፍኬቱም ያንኑ ስጡ። የእኔ ልጅ ስም በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት ተጽፎ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት አመላልሶኛል። አንዱ ጸሐፊ "ኤ"ውን በልቶት ነው። አማርኛውንም ቁርጥ አድርጉት። ፓ ነው ወይስ ጳ? ዛሬ ተስማሙ። ነገ ዲያቆኑ በራሱ ይወስንላችኋል።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ጳ ነው።

አቴንስ የኖርኩ፦
ፓ ነው እንጂ፣ እነሱ ጳ የሚል ድምፅ የላቸውም።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ጴጥሮስ በምን ተጻፈ ታዲያ? ጳውሎስስ?

የጃንተከል ልጅ፦
እባካችሁ በእኔ ክር ላይ አትጣሉ፣ ቤት ውስጥ በቂ ጥል አለኝ። የዝምተኛዋን ለእናቴ አነበብኩላት። ነጠላዋን አስተካክላ "ሐምሌ ገብርኤል?" አለች። ከዚያ ዝም። ማልቀሱን ግን አቁማለች። አሁን ከአባትየው ጋር ወደ ቄሱ ቤት እየሄድን ነው፣ እሱ አማርኛ አይችልም፣ እኔ ግሪክኛ አልችልም። ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው፣ መብራትም ጠፍቷል።

ደብሊን፦
ነገ ንገሪን።

ማራኪ፦
ክርስትና እናቷ ማን ናት? ይህንን ማንም አልጠየቀም።

ደብሊን፦
ሦስት ቀን ሆነ። እሺ፣ ምን ተባለች?

ዝምተኛዋ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

አዘዞ 1፦
ከድፎው የተረፈ ካለ አዘዞ ሩቅ አይደለም።