ጥያቄ፦ ታሪክ ቀመስ ምናባዊ ልብ ወለድ በድምፅ ለመተረክ ምን ላድርግ?

የደሴ ልጅ
ሰላም ቤቶች። የጓደኛዬን ልብ ወለድ በድምፅ ልተርክላት ተስማምተናል። ታሪኩ ምናባዊ ነው። ዓለሙ ግን የተቀዳው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ከቦታ ቦታ የሚዞር የድንኳን ከተማ፣ ብሕት ወደድና ዐቃቤ ሰዓት የሚባሉ የቤተ መንግሥት ሹማምንት፣ የሚናገር ዘንዶ ሁሉ አለበት። ሦስት ነገር ቸግሮኛል። ገጸ ባሕርያቱ ሃያ ይጠጋሉ፤ ለሁሉም ድምፅ ከየት አመጣለሁ? መሀል መሀል ግእዝ አለ፤ እኔ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የምቀዳውም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሬዲዮ ያሳደገው
እህቴ፣ ሃያ ድምፅ አያስፈልግሽም። ግማሹን ሥራ አማርኛው ራሱ ይሠራልሻል። አሽከሩ «ጃንሆይ» ይላል፣ ንጉሡ ስለ ራሱ «እኛ» ይላል፣ እናት ልጇን «አንተ» ትላለች። አድማጭ ማን ለማን እንደሚናገር ከዚህ ይይዛል። አንቺ ፍጥነቱንና የድምፅሽን ልክ ብቻ ለውጪ። ንጉሡ አይቸኩልም፣ ወታደሩ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ መነኩሴው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ልዩ ድምፅ ለአራት ወይም ለአምስት ዋና ሰዎች ይበቃል። ለወንዶቹ ብለሽ ድምፅሽን አታጎርንኚ። ጉሮሮሽ ይደክማል፣ ሰሚውም ይስቃል። ለእያንዳንዱ ዋና ሰው አጭር ናሙና ቀድተሽ አስቀምጪ፤ ምዕራፍ 3 ላይ የወጣ ሰው ምዕራፍ 30 ላይ ሲመለስ እሱን ሰምተሽ ትጀምሪያለሽ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረካቸውንም ፈልገሽ ስሚ። እረፍቱን ልብ በይ፤ ትረካ ማለት እሱ ነው።

ቆጥ ላይ ነኝ
ዘንዶው በወሎኛ ይናገር 😂 የደሴ ልጅ አይደለሽ?

ማይክ አስተካካይ
ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከፍተሽ ፊትሽን ወደሱ አድርጊ፣ ከጀርባሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ። ይህ ማስተጋባቱን ይቀንሳል። የጎረቤት ጄኔሬተርን ግን አያቆምም፤ ስለዚህ ሌሊት፣ ቅዳሴውም አዛኑም ሳይጀምር ቅጂ። እንደዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ኮንደንሰር ከሚባለው ማይክ ይልቅ ዳይናሚክ የሚባለው ይሻላል፤ የአካባቢውን ጫጫታ ያን ያህል አይስብም። ማይኩን ከአፍሽ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ «ፐ» እና «ጰ» ቀጥታ ሲመቱት ይፈነዳሉ።

ለመቅረጽ አውዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃሻል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ቅጂ። የድምፅ መጻሕፍት ሻጩ ኦዲብል መቀበያ የሆነው ኤሲኤክስ የሚጠይቀው አማካይ ድምፁ ከ-23 እስከ -18 ዲሲቤል፣ ጫፉ ከ-3 የማይበልጥ፣ ዝም ስትዪ የሚሰማው ደግሞ ከ-60 በታች እንዲሆን ነው። እዚያ ባትልኪውም መለኪያው ጥሩ ነው። በየቀረጻው ዝም ብለሽ 30 ሰከንድ ያህል የክፍሉን ድምፅ ብቻ ቅጂ። ስትቆርጪና ስትቀጥዪ ክፍተት መሙያ ይሆንሻል።

የንባብ ቤት ተማሪ
ግእዙን በግምት እንዳታነቢው። ንባቡ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባል፣ ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚወስን አካሄድ አለው፤ አዋቂ ጆሮ ስህተቱን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ከመጽሐፍ አይለመድም። ዓረፍተ ነገሮቹን ለቅመሽ ንባብ የሚያውቁ መሪጌታ ወይም ዲያቆን ጋ ሂጂ፣ ሲያነቡልሽ በስልክሽ ቅጂ። ሳይጎተት በሚነበበው በቁም ንባብ ይበሉልሽ፤ ውርድ ንባብ ለትረካ ይንዛዛል። «ሐ» እና «ዐ»ን ከጉሮሮ ላውጣ ብለሽ ግን አትታገዪ። አማርኛ ተናጋሪ መምህራንም «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በአነባበብ አይለዩም።

አማርኛውንም አትናቂው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ይመታል» ሲል መቺው ነው ወይስ ተመቺው? በጦርነት ምዕራፍ ይህ ድልን ሽንፈት ያደርጋል። አስቀድመሽ አንብቢና በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። ካልገባሽ ደራሲዋ ጓደኛሽ አይደለች? ደውዪላት።

የደሴ ልጅ
ተባረኩ! አንድ ብቻ ቀረችኝ። ወታደሮቹ ለንጉሡ የሚዘፍኑት ግጥም አለ። ልዝፈነው ወይስ ላንብበው?

ሬዲዮ ያሳደገው
አንብቢው፣ ግን እንደ ፉከራ ቤቱን እየመታሽ። በዚያ ዘመን ለነገሥታት የተዘፈኑ የአማርኛ ግጥሞች በጽሑፍ ደርሰውናል፤ ዜማቸው ግን የለም። ዜማ ከፈጠርሽለት የዛሬ ዘፈን ይመስላል። ነጋሪትና እምቢልታ ካማረሽ ምዕራፉ ሳይጀምር ጥቂት ሰከንድ አሰሚ፣ ከንግግር ሥር ግን አታስገቢ።