የይርጋለም ደብዳቤዎችን በኖርዌይ የአካባቢ ጋዜጣ ለመፈለግ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በተለይም በኖርዌይ የምትኖሩ ወገኖቼ፤

የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1948 በደቡብ ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ሚስዮናውያኑ ከሲዳማዋ ይርጋለም ከተማ ወደ ቤተሰቦቻቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች በትንንሽ የአካባቢ ጋዜጦች ላይ ታትመው እንደሆነ በማጣራት ላይ እገኛለሁ። አሁን የደረስኩት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሃሊንግዳል ሸለቆ፣ በኦል ከሚታተመው «ሃሊንግዶለን» ነው። እንዲህ ያለ ጋዜጣ የመንደር ሰው የጻፈውን ትልልቆቹ ከሚያልፉት ይልቅ አክብሮ ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

ችግሬ ግን የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በርካታ ጋዜጦችን ዲጂታል ቢያደርግም፣ የቅጂ መብታቸው ያላለፈ ገጾች በአብዛኛው የሚነበቡት እዚያው አገር ባሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኑ ነው፤ እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከዚህም በላይ ጋዜጣው የሚጻፈው ከሁለቱ የኖርዌይኛ የጽሑፍ ቋንቋዎች አንዱ በሆነውና የቋንቋ ሊቁ ኢቫር ኦሴን ከገጠር ዘዬዎች መሠረቱን በጣለው በኒኖሽክ ሲሆን፣ እኔ በመጠኑ የማነበው ሌላውን፣ ቦክሞልን ብቻ ነው።

ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብላችሁ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን እትሞች ልታዩልኝ የምትችሉ ካላችሁ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስትፈልጉ «ይርጋለም» በዚያን ጊዜ ያለ መነሻው «ይ»፣ «ኢርጋለም» ተብሎም ይጻፍ እንደነበር አስቡልኝ። የእትሙን ቀንና የገጹን ቁጥር ብቻ ብትነግሩኝ እንኳ፣ ቅጂውን ከጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በደብዳቤ መጠየቅ እችላለሁ።