ለረግረግ የሚሆን ርካሽ ትሬይል ካሜራ የቱን ልግዛ? (ባሕር ዳር)

ደንገሏ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ኢንፍራንዝ ረግረግ አጠገብ አባቴ ትንሽ ጓሮ አለችው። ጎመንና ካሮት እንዘራባታለን። ሰሞኑን ጠዋት ስንነሳ የምናገኘው የተቆፈረ መደብና ግማሹ የተበላ ካሮት ነው። አባቴ «ጉማሬ ነው» ይላል። እናቴ «ጉማሬ ቢሆን አጥሩስ ይተርፍ ነበር?» ትላለች። እኔ ደግሞ ካቻምና ወፍ ማየት ጀምሬ አሁን ሱስ ሆኖብኛል። ሌሊት በደንገሉ ውስጥ ምን እንደሚመላለስ ማየት አማረኝ።

ዛፍ ላይ ታስሮ የሚያልፈውን ሁሉ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ አለ፤ ትሬይል ካሜራ ይሉታል። አጎቴ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ይዞልኝ ይመጣል፤ ግን ከ100 ዶላር በላይ ላስወጣው አልፈልግም። አንዱ 24 ሜጋፒክሰል ይላል፣ ሌላው 60፤ ዋጋቸው ያው ነው። 60ውን ልዘዝ?

ታንኳ ቀዛፊው
እህቴ፣ ሜጋፒክሰሉን እርሺው። ርካሾቹ ካሜራዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተነፋ ነው። ውስጥ ያለው ሴንሰር ከጥቂት ሜጋፒክሰል አያልፍም፤ ቀሪውን ሶፍትዌሩ ነው የሚሞላው። 60 ላይ ብታደርጊው የምታተርፊው ቶሎ የሚሞላ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው።

አንቺ ማየት ያለብሽ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንስሳው ፊቱ ሲደርስ ካሜራው በስንት ሰከንድ ነው የሚነቃው? ከግማሽ ሰከንድ በታች ይሁን። አለዚያ የምታገኚው ጭራ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን ካነሳ በኋላ ለቀጣዩ ስንት ይቆያል? ይብራ ብቻዋን አትሄድም፤ ከፊተኛዋ ኋላ ሌሎች አሉ። ሦስተኛ የሌሊቱ መብራት ነው። 850 ናኖሜትር የሚባለው ራቅ አድርጎ ያበራል፤ ግን ፊቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይታያል። 940ው ምንም አይታይም፤ የሚያበራበት ርቀት ግን ያንሳል። ለጓሮ 940 ይበቃሻል። ሌባ የሚባል ፍጡር ደግሞ ቀዩን ያያል፤ የሰው ሌባ ማለቴ ነው።

ስም ካልሽኝ፣ ብራውኒንግና ቡሽኔል የቆዩ ናቸው፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል ላይ ቅናሽ ከተገኘ በአንቺ በጀት ሊገባ ይችላል። ጋርድፕሮ ደግሞ ከነሱ ይረክሳል። ሬኮኒክስ የሚባለውን ተመራማሪዎች ይወዱታል፤ ዋጋውን ግን አጎትሽ እንዳያይ።

የቀበሌው ልጅ
እኔ ከስህተቴ ልንገርሽ። የመጀመሪያ ካሜራዬን ደንገል መሀል፣ በምሥራቅ አቅጣጫ ተከልኩት። በአራተኛው ቀን ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ስከፍት 1,400 ፎቶ! ደስታዬን አትጠይቂኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ደንገል። ደንገል። ንፋስ ያጎነበሰው ደንገል። ፀሐይ መትቶት ነጭ የሆነ ደንገል። ከሁሉም መሀል አንድ የሚረባ ነበር፤ የጋጋኖ እግር።

ለምን መሰለሽ፣ ካሜራው የሚነቃው በሙቀት ነው። ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር ፊቱ ሲንቀሳቀስ «መጣ» ይላል። ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል ሲወዛወዝም እንስሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅጠል እጨጂው፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ አዙሪው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እንዳትገባ።

በዚሁ ምክንያት አርጃኖ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ገላው እንደ አካባቢው ነው። ለአርጃኖና ከሩቅ ለሚቆሙ ወፎች በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ ማዘዝ ይቻላል፤ «ታይም ላፕስ» የሚለውን ፈልጊ። የሌለውን አትግዢ።

ደንገሏ
ኧረ ተባረኩ! ሲም ካርድ የሚገባበትስ? ፎቶውን ስልኬ ላይ ይልካል ይላሉ።

ታንኳ ቀዛፊው
ይቅርብሽ። ብዙዎቹ ለአሜሪካ ኔትወርክ ተሠርተው፣ ከዚያው ድርጅት ሲምና ወርሃዊ ክፍያ ጋር የታሰሩ ናቸው። እዚህ ሲደርስ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ጓሮሽ እኮ ነው፤ ሄደሽ ካርዱን ማውጣት ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ
ስለ ባትሪ ድንጋይ ማንም አላነሳም! ካሜራውን የሚያሳጣው ድንጋዩ ነው። አብዛኞቹ 8 ትንንሽ ድንጋይ ይበላሉ። ከሱቅ የምትገዢው ርካሹ ድንጋይ በተለይ ሌሊት ፍላሹ ሲበራ ቶሎ ይወድቃል። ቻርጅ የሚደረገው ጥሩ ነው፤ ግን እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ አንዳንድ ካሜራ ገና ሲገባ «ባትሪ አልቋል» ይላል። መመሪያው ላይ ይቀበል እንደሆነ እዪ። ሊቲየሙ ከሁሉም ይቆያል፤ አጎትሽ ጥቂት ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ግን አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ጉምሩክ ላይ እንዳይጉላላም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ካርዱን 32 ጊጋ ግዢና ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጊው። ሌላው ጉንዳን ነው። አንድ ደንበኛዬ «አልነሳ አለ» ብሎ ያመጣውን ስከፍት የድንጋዩ ቤት ውስጥ እንቁላላቸውን ሳይቀር ይዘው ሰፍረዋል። ጎማው በደንብ መግጠሙን በጣትሽ እየዳሰስሽ ዝጊው። ከአዲስ ጫማ ሣጥን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አንዱን ውስጡ ጣይበት፤ የረግረጉ ጤዛ ሌንሱን ከውስጥ ያላብሰዋል።

ጋሼ ዘጌ
ልጆች ስለ ዕቃው ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ቦታው ልበል። የኔ ልጅ፣ ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ መንገዱንም አይለውጥም። ሣሩ ላይ ሁለት መስመር፣ መሀሉ ከፍ ያለ ነገር ካየሽ የሱ መንገድ ነው። ካሜራሽን እዚያ ልትሰቅዪ ከሆነ ከመንገዱ ፈንጠር አድርገሽ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጊው። የምትሄጂውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰው ጋር ይሁን። በሱና በውሃው መካከል እንዳትቆሚ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ደንገል የሚያጭዱትን ሰዎች ጠይቂያቸው፤ የትኛው አውሬ በየት እንደሚያልፍ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ካሜራውንም ቀድመሽ አሳዪያቸው። የማያውቀውን ዕቃ ዛፍ ላይ ያየ ሰው ፈትቶ ቢወስደው አይፈረድበትም። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትና ገላ የሚታጠቡበት ቦታ ላይ ግን በፍጹም እንዳታዞሪው።

አንድ ነገር ደግሞ። በግንቦት ደረቅ ያየሽው ቦታ በመስከረም ሐይቅ ነው። ጣና ክረምቱን እየሞላ ይመጣል፤ አንዳንዱ ዳርቻ ከሰው ወገብ በላይ ውሃ ይይዛል። ሐምሌ ሳይገባ ካሜራሽን ወደ ላይ አውጪው።

የቀበሌው ልጅ
ለጓሮው ግን በጉልበት ቁመት፣ ከመደቡ 3 ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ እሰሪው። በጣም ከቀረበ ፎቶው ይደበዝዛል፤ የብዙዎቹ ሌንስ ቅርብ አያይም። እንስሳው ፊት ለፊት ከሚመጣ ከጎን ወደ ጎን ሲያቋርጥ ነው ቶሎ የሚይዘው።

ደንገሏ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)
እንግዲህ ተመልሻለሁ። አጎቴ 940 መብራት ያለው፣ ታይም ላፕስ ያለው፣ 24 ሜጋፒክሰል የሚል አመጣልኝ፤ ከነካርዱ ከ100 ዶላር አላለፈም። ዝቅ አድርጌ 8 ላይ አደረግሁት፣ ልዩነቱን ማንም አላየም።

በስድስት ሌሊት 212 ፎቶ። የጎረቤት ላም 90 ጊዜ። አንድ ሸለምጥማጥ አጥሩ ላይ። አባቴ ሁለት ጊዜ፣ በጋቢ፣ ካሜራውን እያየ። በአምስተኛው ሌሊት ደግሞ ሌባው ተያዘ። ፎቶው ላይ 02:10 ይላል፤ በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሾሁ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጃርት! ካሮቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሰው።

ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና «ይሄማ ጉማሬው ከሄደ በኋላ የመጣ ነው» አለኝ።

ጋሼ ዘጌ
እናትሽን ሰላም በይልኝ።