ፊደሉን በቃሉ ይወርደዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ (እናት፣ ከደሴ)
የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ሲሆን የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ከጀመረ እስከ «ፖ» ሳይደናቀፍ ይወርዳል፤ ከመሃል አንድ ፊደል ነጥዬ ስጠቁመው ግን ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥቶ በጣቱ ካልቆጠረ አይደርስበትም። «ብርቱካን» ጻፍ ብለው «በረተከነ» አለልኝ። በሱቃችን የደንበኛን መልስ ከእኔ ቀድሞ የሚያሰላ ልጅ ስለሆነ፣ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ማለታቸውን መቀበል አልቻልሁም። የሠለጠነ አስጠኚ እስካገኝ ድረስ በቤት ምን ላድርግ?

መልስ (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)
እኅቴ፣ አስቀድመው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው። ጤነኛ ከሆነ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የቃልን ድምፅ ነጣጥሎ ከፊደል ጋር የማገናኘት ችግር እንጂ የአእምሮ ድክመት አይደለም። «በረተከነ» ብዙ ይናገራል፦ ልጅዎ ተነባቢዎቹን ሁሉ በየተራቸው ሰምቷል፣ የሳተው አናባቢውን ብቻ ነው። ስለዚህ 231ዱን ፊደል እንደገና ከማስቆጠር ይልቅ በ«በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ» ብቻ ይጀምሩ። ካዕቡ ከጎን፣ ሣልሱ ከእግር ሥር ሰረዝ እንዳለው፣ ኃምሱ ደግሞ ቀለበት እንዳለው ያሳዩት፤ ከዚያ በትሪ ላይ በተበተነ አሸዋ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ይበል። በዓይን፣ በጆሮና በእጅ በአንድነት የማስተማሩን ዘዴ አሜሪካውያኑ ሐኪም ሳሙኤል ኦርተንና መምህርት አና ጊሊንግሃም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዳብረውታል። ሳድሱ ግን አንድ ወጥ ምልክት ስለሌለው ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚህ ደንብ የሚወጡትን «ሩ»ን፣ «ሪ»ንና «ፉ»ንም ለመጨረሻ ያቆዩአቸው።

መልስ (የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ ከሐይቅ)
ልጁ የያዘው ዜማውን ነው። በእኛ ጊዜ ከ«ሀሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚለው ይመጣ ነበር፤ ፊደሉም ቅርጹም በአንድነት ስለሚለዋወጡ የለመዱት ዜማ አያግዝም። እርሱም ውሎ አድሮ በቃል መያዙ አይቀርምና (እኔም ይዤው ነበር) የኔታ ፊደሉን የሚጠቁሙበትን ስንደዶ ከታች ወደ ላይ ይወስዱብን ነበር። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

መልስ (አባት፣ ከወልድያ)
«ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ በቀይ አይሰርዙበት፤ በአማርኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ ጆሮው አልሳተም። እንዲሁም «ገና» የሚለው በዓሉም «እስካሁን» ማለትም ሊሆን ስለሚችል፣ ሲያነብ ጠብቆ ወይም ላልቶ መሆኑን የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ነጠላ ቃል ብቻ አያስነብቡት።

መልስ (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)
በ«ጸሀይ» ለአሁኑ እስማማለሁ፤ ሆኖም በፈተና ነጥብ ሊቀነስበት ስለሚችል፣ ማንበብ ሲጀምር ትክክለኛው አጻጻፍ ሊነገረው ይገባል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ «ቤ»ን ጠቆምሁት። ከ«በ» ሊጀምር ጣቱን ሲያነሣ እጁን ያዝ አድርጌ ቀለበቷን አሳየሁት፤ ጥቂት ዝም ብሎ «ቤ» አለ። «ሴ»ን ሳልነግረው ራሱ አገኛት። «ብ»ና «ስ» ግን እስካሁን አልያዙለትም።